ዝምታ ፈቃድ ነው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በቅርቡ ወደዚህ ዓምድ ከደረሱት ደብዳቤዎች ብዙዎቹ ከዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የተላኩ ናቸው። ዝርዝራቸው ይለያይ እንጂ የሚያጠነጥኑት በአንድ ጥያቄ ላይ ነው፤ አንድ ሰው ወሲብ ለመፈጸም ፈቅዷል የሚባለው መቼ ነው? ከመካከላቸው የተወሰኑትን መርጬ ቀጥሎ መልሻለሁ። የጸሐፊዎቹን ማንነት ሊጠቁሙ የሚችሉ ነገሮችን አውጥቻለሁ፣ ረዘም ያሉትንም አሳጥሬአለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ከአንዲት ተማሪ ጋር በፍቅር አብረን ከሆንን ጥቂት ወራት አልፈዋል፤ ከዚህ በፊትም በሁለታችን ፍላጎት ግንኙነት አድርገን እናውቃለን። በቅርቡ አንድ ምሽት ክፍሌ መጥታ ሳለ ልስማት ስጠጋ «ዛሬ እኮ ደክሞኛል፣ ጠዋት ደግሞ ፈተና አለብኝ፣ ሌላ ቀን አይሻልም?» አለችኝ። እኔ የምትግደረደር መስሎኝ ማባበሌን ቀጠልኩ፤ እሷም ከዚያ በኋላ ምንም አላለችም፣ ግንኙነትም ፈጸምን። ከሳምንት በኋላ «ያን ቀን አልፈለግኩም ነበር፣ አንተም ታውቅ ነበር» የሚል መልእክት ላከችልኝ። በጉልበት አላስገደድኳትም፤ «አይሆንም» የሚል ቃልም ከአፏ አልወጣም። በግልጽ ካልተናገረች በምን ላውቅ እችላለሁ? ፍቅረኛሞች ሆነን ሳለስ በየጊዜው ፈቃድ መጠየቅ አለብኝ?

መልስ፦ ደብዳቤህን ደጋግሜ አንብቤ የደረስኩበትን በቀጥታ ልንገርህ፤ ነግራሃለች። «አይሆንም» የሚለውን ቃል አልተጠቀመችም እንጂ መድከሟን ነግራሃለች፣ ምክንያቷን አስረድታሃለች፣ ለሌላ ቀን እንድታቆየውም ጠይቃሃለች። ሰው በዕለት ተዕለት ኑሮው አልፈልግም የሚለው በዚሁ መንገድ ነው። አንድ ጓደኛህን «ቅዳሜ አብረን እናጥና» ብለኸው «ደክሞኛል፣ ሌላ ቀን አይሻልም?» ቢልህ፣ ተስማምቷል ብለህ ቅዳሜ ጠዋት በሩ ላይ አትቆምም ነበር።

ይህን ነገር ሲሊያ ኪትዚንገር እና ሃና ፍሪዝ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ1999 ባሳተሙት ጥናት በዝርዝር አሳይተውታል። ሰዎች በተራ ንግግር እሺ ሲሉ መልሳቸው ፈጣንና አጭር ነው፤ እምቢ ሲሉ ግን ጥቂት ዝም ይላሉ፣ ያመነታሉ፣ ጠያቂውን ላለማስከፋት ደግ ቃል ያስቀድማሉ፣ ከዚያ ምክንያት ይሰጣሉ፤ «አይሆንም» የሚለው ቃል ብዙ ጊዜ ጨርሶ አይነሳም። ይህን አነጋገር በሌላው ጉዳይ ሁሉ ያለ ችግር የሚረዳ ሰው በወሲብ ጊዜ ብቻ «አልገባኝም» ማለቱ የሚያሳምን አይደለም ሲሉ ተከራክረዋል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በአውስትራሊያ ከወጣት ወንዶች ጋር የተደረጉ የቡድን ውይይቶች ደግሞ ይህንኑ ከወንዶቹ አንደበት አሰምተዋል። ተወያዮቹ አንዲት ሴት እንዳልፈለገች በሰውነቷ ሁኔታና በዘወርዋራ አነጋገሯ እንደሚያውቁ ራሳቸው አብራሩ፤ ወሬው ወደ መደፈርና ወደ ተጠያቂነት ሲዞር ግን እነዚያው ሰዎች የሴቶች እምቢታ ግልጽ አይደለም ወደሚል ሰበብ ገቡ። እኔን የሚያሳስበኝም ይህ ነው። በተማሪዎች ዘንድ ችግሩ በአብዛኛው ያለመረዳት ነው ብዬ አላምንም፤ የተረዱትን ነገር ለመስማት አለመፈለግ ይበዛበታል።

«የምትግደረደር መስሎኝ» ስላልከው ነገር ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ሻርሊን ሙለንሃርድ የተባለች አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረባዋ ጋር በ1988 ባወጣችው ጥናት፣ ከተጠየቁት ሴት ተማሪዎች 39 ከመቶ ያህሉ ቢያንስ አንድ ጊዜ ፈልገው ሳለ እምቢ ብለው እንደሚያውቁ መልሰው ነበር፤ ይህ ቁጥርም የሴት እምቢታ የይስሙላ ነው ለሚሉ ሰዎች መከራከሪያ ሆነ። ራሷ ሙለንሃርድ ግን በዚህ አልረካችም። ከአሥር ዓመት በኋላ ከሌላ ባልደረባ ጋር ሆና ተማሪዎቹ የሆነውን ነገር በራሳቸው ቃል እንዲጽፉ ስታደርግ፣ ብዙዎቹ የመጠይቁን ሐሳብ በሌላ መልኩ እንደተረዱት ታየ። አንዳንዷ ስሜቱ ነበራት፣ ነገር ግን ላለማድረግ ወስናለች፤ እምቢታዋም የምር ነበር። ሌላዋ መጀመሪያ አልፈለገችም፣ ኋላ ሐሳቧን ቀየረች። ስሜትና ውሳኔ አንድ አይደሉም፤ ልታከብር የሚገባህም ውሳኔዋን ነው።

አሁን ወደ ዝምታው ልምጣ። ይኸው በ1999 ሱዛን ሂክማን ከሙለንሃርድ ጋር ሆና ተማሪዎችን ፈቃዳቸውን በምን እንደሚገልጹ ስትጠይቅ፣ ሴቶቹም ወንዶቹም ከሁሉ አብዝተው የሚጠቀሙበት መንገድ አለመቃወም ሆኖ ተገኘ። እዚህ ላይ ቆም ብለህ እንድታስብ እፈልጋለሁ። የሚፈልግ ሰው ዝም ብሎ ይተኛል፤ የፈራ፣ የሰለቸው፣ ተስፋ የቆረጠ ወይም በድንጋጤ የደነዘዘ ሰውም ዝም ብሎ ይተኛል። ከውጭ ለሚያየው ሁለቱ አንድ ናቸው። ስለዚህ አለመቃወም፣ ምንም ያህል የተለመደ ቢሆን፣ አንዱን ከሌላው ለመለየት አያገለግልም፤ የሚለየው ጠይቆ መስማት ወይም በማያሻማ ሁኔታ የምትሳተፍ መሆኗን ማየት ብቻ ነው። ባንተ ሁኔታ ላይማ ዝምታው የመጣው እምቢታው ከተነገረና ካልተሰማ በኋላ ነው። ከእምቢታ በኋላ የሚመጣ ዝምታ እሺታ ሊሆን አይችልም።

ፍቅረኛሞች ሆነን ሳለ ላልከው፣ አዎን፣ በየጊዜው። የእንግሊዝና የዌልስ የ2003 የወሲብ ወንጀሎች ሕግ አንድ ሰው ፈቅዷል የሚባለው በምርጫው ሲስማማና ያን ምርጫ ለማድረግ ነፃነቱም አቅሙም ሲኖረው ነው ይላል። ምርጫ ደግሞ ለባለፈው ወር ተሰጥቶ ለዛሬ የሚያገለግል ነገር አይደለም። የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1999 በሰጠው ታዋቂ ውሳኔ ወሲባዊ ጥቃትን በሚመለከት «በዝምታ የተሰጠ ፈቃድ» የሚባል መከላከያ እንደሌለ፣ ዝም ማለትን ወይም ፈዞ መተኛትን እንደ ፈቃድ ቆጥሬ ነበር ማለትም ተከሳሽን እንደማያድን ደንግጓል። ያለህበት አገር ሕግ የሚለው ሊለያይ ይችላል፤ ያደረስክባት ነገር ግን በሕጉ ልዩነት አይለወጥም።

ለመልእክቷ እስካሁን ካልመለስክላት መልስላት። አጭር አድርገው። የነገረችህን ነገር እንደሰማህ፣ ያን ቀን እምቢታዋን ችላ ማለትህን እንደተረዳህ፣ ጥፋቱም ያንተ እንደሆነ ጻፍላት፤ «ግን እኮ አንቺም» የሚል አረፍተ ነገር አይግባበት። ይቅርታ እንድታደርግልህ አትወትውታት፣ ሽማግሌ ጓደኞችንም አትላክባት። ልታገኝህ ካልፈለገች ራቅ በልላት፤ ልትከስህ ከወሰነችም መብቷ ነው። ጭንቀቱን ብቻህን መሸከም ከከበደህ የዩኒቨርሲቲውን የምክር አገልግሎት ባለሙያ አነጋግር፤ እሷን ግን አጽናኝህ አታድርጋት።

ጥያቄ፦ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። አንድ የማምነው ተማሪ የቡድን ሥራችንን ለመጨረስ በጠራን ምሽት፣ ሌሎቹ ከሄዱ በኋላ ያልፈለግኩት ነገር ተፈጸመብኝ። አልጮህኩም፣ አልገፋሁትም፣ ቃልም አልወጣኝም። ስልኬ ጠረጴዛው ላይ ሆኖ የክፍል ጓደኞቼ መልእክት ደጋግሞ ሲገባ ይሰማኝ ነበር፤ እጄን ዘርግቼ ማንሳት ግን አልቻልኩም። በማግስቱ ክፍል ውስጥ ሰላም ሲለኝ ሰላም አልኩት። የዶርም ጓደኛዬ «ካልተቃወምሽ ፈቅደሻል ማለት ነው» ትለኛለች። እውነቷን ነው?

መልስ፦ አይደለም፣ እህቴ። ጓደኛሽ የተናገረችው ብዙ ሰው የሚያምንበትን ነገር ነው፤ ብዙ ሰው ስላመነበት ግን እውነት አይሆንም።

ሰው አደጋ ሲገጥመው ወይ ይታገላል ወይ ይሸሻል ብለን ነው የምናስበው። ሦስተኛ ነገር አለ፤ ሰውነት ያለ ባለቤቱ ውሳኔ ይደርቃል። እጅና እግር አይታዘዝም፣ ድምፅ አይወጣም፣ ጆሮ ግን ይሰማል፣ አእምሮም ይመዘግባል። ስልክሽ ሲጮህ እየሰማሽ እጅሽን ማንቀሳቀስ አለመቻልሽ ልክ ይህንኑ ይመስላል። በስቶክሆልም የተደፈሩ ሴቶች ድንገተኛ ሕክምና በሚያገኙበት ክሊኒክ፣ ጥቃቱ ከደረሰባቸው በአንድ ወር ውስጥ በመጡ 298 ሴቶች ላይ የተደረገና በ2017 የታተመ ጥናት፣ 70 ከመቶው በጥቃቱ ወቅት ጉልህ የሆነ የመድረቅ ሁኔታ እንደገጠማቸው፣ 48 ከመቶው ደግሞ ሁኔታው እጅግ የበረታባቸው እንደነበር አሳይቷል። ይህ የገጠማቸው ሴቶች ከስድስት ወር በኋላ ለድኅረ አደጋ ጭንቀትና ለከባድ ድባቴ ይበልጥ ተጋልጠው ተገኝተዋል። «ለምን አልጮህኩም?» እያልሽ ራስሽን የምትወቅሽበት ነገር፣ ሌሎች ብዙዎችም የገጠማቸው የሰውነት ምላሽ ነው፤ በፈቃድሽ ያደረግሽው ነገር አልነበረም።

ሕጉም በብዙ ቦታ ወደዚህ መጥቷል። የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት በ2003 በቡልጋሪያ ላይ በሰጠው ውሳኔ፣ ተጎጂዋ በአካል መታገሏ ካልተረጋገጠ በቀር ክስ የማይመሠርት አሠራር መንግሥት ዜጎቹን የመጠበቅ ግዴታውን እንዳልተወጣ የሚያስቆጥር መሆኑን አስታውቋል። ስዊድን ከሐምሌ 1 ቀን 2018 ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለችው ሕግ ጥያቄው ጉልበት ነበረ ወይ መሆኑ ቀርቶ፣ ሁለቱም በፈቃዳቸው ተሳትፈዋል ወይ ሆኗል። በሁሉም አገር እንዲህ ነው ማለቴ አይደለም፤ አለመታገል ፈቃድ ነው የሚለው አስተሳሰብ ከሕግም ከሕክምናም ዕውቀት ወደ ኋላ የቀረ መሆኑን ግን እንድታውቂ እፈልጋለሁ።

በማግስቱ ሰላም ማለትሽ የቀድሞውን ቀን አይለውጠውም። ሰው ከደረሰበት ነገር በኋላ ሁሉ ነገር እንደነበረ ይመስል መኖሩን መቀጠሉ የተለመደ ነው፤ በተለይም በዳዩ በየቀኑ ክፍል ውስጥ የሚገጥም፣ በጋራ ጓደኞች የተከበበ ሰው ሲሆን። ለነገሩ ስሙን ለማውጣት መቸገርሽም አንቺን ብቻ የገጠመ አይደለም። ሜሪ ኮስ የተባለች ተመራማሪ በ1987 ባሳተመችው፣ በ32 የአሜሪካ የከፍተኛ ትምህርት ተቋማት 6,159 ተማሪዎችን ባካተተው ጥናት፣ የደረሰባቸው ነገር የሕጉን የመደፈር ትርጓሜ ከሚያሟላ ሴቶች መካከል ነገሩን በዚያ ስም የጠሩት አንድ አራተኛ ያህሉ ብቻ ነበሩ።

አሁን ማድረግ ስለምትችይው። ከሆነ 72 ሰዓት ካልሞላው ዛሬውኑ፣ ይህን ገጽ ካነበብሽ በኋላ፣ ወደ ሆስፒታል ወይም ጤና ጣቢያ ሂጂ፤ ከኤችአይቪ የሚከላከለው መድኃኒት መጀመር ያለበት በዚያ ጊዜ ውስጥ ነው፤ ቶሎ በተጀመረ ቁጥር የተሻለ ይሠራል፣ ለ28 ቀናትም ይወሰዳል። የድንገተኛ እርግዝና መከላከያ እስከ አምስት ቀን ድረስ ሊረዳ ይችላል፤ እሱም ቢሆን ቀደም ሲል ይሻላል። ጊዜው ካለፈም የምርመራና የሕክምና አገልግሎት ማግኘትሽ ይጠቅምሻል። ክስ መመሥረት አለመመሥረቱን ዛሬ መወሰን የለብሽም፤ ነገር ግን የለበስሽውን ልብስ ሳታጥቢ በወረቀት ከረጢት አስቀምጪ፣ መልእክቶቹን አታጥፊ፣ የምታስታውሽውንም ቀኑን ጠቅሰሽ ጻፊ። ለዶርም ጓደኛሽ ይህን መልስ ብታሳያት አልጠላም። ሐሳቧ ካልተቀየረ ግን ሌላ የሚያምንሽ ሰው ፈልጊ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የተናገርሽለት ሰው የሚሰጥሽ መልስ ቀጥሎ እርዳታ መፈለግ አለመፈለግሽን ሊወስን ይችላልና።

ጥያቄ፦ በአንድ የልደት ግብዣ ላይ ከአንዲት ተማሪ ጋር ስንጠጣ አምሽተን ወደ ክፍሌ ሄድን። ትራመድ ነበር፣ ትስቅ ነበር፣ ታወራ ነበር። ጠዋት ስትነቃ ግን ምንም እንደማታስታውስ ነግራኝ ደንግጣ ወጣች። ሁለታችንም ሰክረን ሳለ ተጠያቂው እኔ ብቻ የምሆነው ለምንድን ነው?

መልስ፦ በመጀመሪያ ማወቅ የሚገባህ ነገር አለ። የአልኮል መጠን በደም ውስጥ በፍጥነት ሲያሻቅብ፣ አዲስ ትዝታን የሚያከማቸው የአንጎል ክፍል ሥራውን ያቆማል፤ ሰውየው ግን መራመድና ማውራት ሊቀጥል ይችላል። ስለዚህ አለማስታወሷ ብቻውን በዚያ ሰዓት መወሰን አትችልም ነበር ማለት አይደለም፤ መራመዷና መሳቋም መወሰን ትችል እንደነበር አያረጋግጥም። የእንግሊዝ የይግባኝ ፍርድ ቤት በ2007 ይህንኑ ጉዳይ ሲመረምር፣ የጠጣ ሰው አሁንም ሊፈቅድ እንደሚችል፣ ነገር ግን በመጠጡ ምክንያት የመምረጥ አቅሙን ለጊዜውም ቢሆን ካጣ ፈቃድ እንደሌለ፣ ይህም አቅም ራስን ከመሳት ብዙ አስቀድሞ ሊጠፋ እንደሚችል ገልጿል። ራሱን ስለሳተ ወይም ስለተኛ ሰውማ ክርክርም የለም፤ የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2011 አስቀድሞ የተሰጠ ፈቃድ እንኳ ሰውየው ራሱን ከሳተ በኋላ እንደማያገለግል ወስኗል።

«ሁለታችንም» ያልከው ነገር በእኩል የተከፋፈለ ይመስላል እንጂ አይደለም። ጥያቄው ማን የበለጠ ጠጣ ሳይሆን ማን በማን ላይ ምን አደረገ የሚል ነው። እሷ ጠጥታ እርምጃውን የወሰደችው እሷ ብትሆን ኖሮ፣ አንተም ያልፈለግከው ነገር ተፈጽሞብህ ቢሆን፣ ስካሯ ለእሷም ሰበብ አይሆናትም ነበር። ወደ ክፍልህ ስትገቡ ደረጃውን ብቻዋን ወጥታለች ወይስ ደግፈሃታል? የምታወራው ይያያዝ ነበር? ያለችበትን ታውቅ ነበር? እነዚህን ለራስህ በሐቅ መልስ። አንዱን እንኳ እርግጠኛ ሆነህ መመለስ ካቃተህ፣ ያን ምሽት ማድረግ የነበረብህ ውኃ ሰጥተህ፣ በሰላም የምታድርበትን ቦታ አመቻችተህ ወይም ጓደኞቿን ጠርተህ መተው ነበር። ከዚህ በፊት አብረኸው ሆነህ ከማታውቀው ሰው ጋር የመጀመሪያው ጊዜ በስካር እንዳይሆን የራስህ ደንብ አድርገው፤ የሰከረ ሰውን ፊት ማንበብ የማታውቀውን ሰው ፊት ማንበብ ሲጨመርበት ከባድ ነው፣ አንባቢው ራሱ ሰክሮ ሳለ ደግሞ የማይቻል ነው። ለእሷ የምታደርገውን በተመለከተ፣ ለመጀመሪያው ጠያቂ የመለስኩትን አንብብ።

ጥያቄ፦ በእያንዳንዱ እርምጃ «ይቻላል?» ብሎ መጠየቅ ስሜት አያጠፋም? ሕግ ይህን ሊያዝ ይችላል?

መልስ፦ እንዲህ ያለ ደንብ በእርግጥ ወጥቶ ያውቃል። አሜሪካ ኦሃዮ የሚገኘው አንቲዮክ ኮሌጅ በ1990ዎቹ መጀመሪያ በእያንዳንዱ ደረጃ የቃል ፈቃድ የሚጠይቅ ደንብ አውጥቶ በመላ አገሪቱ መሳለቂያ ሆኖ ነበር። ሐሳቡ ግን አልሞተም። በ2014 የካሊፎርኒያ ግዛት ከመንግሥት ድጋፍ ለሚያገኙ የከፍተኛ ትምህርት ተቋማት ባወጣው ሕግ፣ ፈቃድ በንቃት፣ በፈቃደኝነትና በአዎንታ የሚገለጽ መሆን እንዳለበት፣ ዝምታም አለመቃወምም ፈቃድ እንዳልሆነ፣ የተሰጠም ፈቃድ በማንኛውም ጊዜ ሊነሳ እንደሚችል ደነገገ። በየደረጃው በቃል ይጠየቅ ግን አይልም።

ስሜት ስለማጥፋቱ፣ የምትጠይቀው እንዴት እንደሆነ ይወስነዋል። «ደስ ይልሻል?»፣ «እንቀጥል ወይስ እዚህ ላይ ይብቃን?»፣ «ዛሬ ካልፈለግሽ ችግር የለውም፣ ዝም ብለን እናወራለን» የሚሉት ቃላት እርስ በርስ በሚዋደዱ ሰዎች መካከል ምን እንግዳ ነገር አላቸው? ከዚህ ይልቅ የማስጠነቅቅህ ስለ ሌላው ጫፍ ነው። አንድ ጊዜ አልፈልግም ከተባልክ በኋላ በየአሥር ደቂቃው መጠየቅ፣ ማኩረፍ፣ «ካልወደድሽኝ ንገሪኝ» ማለት መጠየቅ አይባልም፤ መጫን ነው። በዚህ መንገድ የሚገኝ እሺታ የድካም እሺታ ነው። መልሱ አይ ቢሆን ፊትህ የማይለወጥ ከሆነ ብቻ ነው ጥያቄህ ጥያቄ የሚሆነው፤ እሷም ይህን ፊትህ ላይ ታነባለች።

ጥያቄ፦ ወንድ ነኝ። ፍቅረኛዬ ስትፈልግ እኔ ሁልጊዜ ዝግጁ መሆን ያለብኝ ይመስላታል፤ ባልፈልግም እምቢ ማለት ያሳፍረኛል። ጓደኞቼ ቢሰሙ ይስቁብኛል። ይህ ችግር ነው ወይስ እኔ ነኝ ችግሩ?

መልስ፦ አንተ አይደለህም። ሙለንሃርድ በ1988 ከሌላ ባልደረባዋ ጋር ባወጣችው ጥናት፣ ሳይፈልጉ ግንኙነት ፈጽመው እንደሚያውቁ የተናገሩት ተማሪዎች ከሴቶቹ ይልቅ በወንዶቹ ዘንድ በዝተው ነበር። ወንድ ሁልጊዜ ይፈልጋል የሚለው እምነት ሁለት ጉዳት አለው፤ አንተን እምቢ የማለት መብትህን ይነፍግሃል፣ ሴቷንም ሳትጠይቅ እንድትወስድ ያስለምዳታል። ይኸው እምነት ወንድ ላይ ጥቃት ሲደርስ ማንም እንዳያምነው የሚያደርግ ነውና ትንሽ ነገር አይደለም። በሰከነ ሰዓት፣ አልጋ ላይ ሳይሆን እየተራመዳችሁ ወይም ቁጭ ብላችሁ፣ «አንዳንዴ አልፈልግም፤ ይህ አልወድሽም ማለት አይደለም» በላት። ብትቆጣ ወይም ብታሾፍብህ ስለ ግንኙነታችሁ ያሳየችህን ነገር በቁም ነገር ውሰደው።

ጥያቄ፦ የተማሪዎች ክበብ ሰብሳቢ ነኝ። ለአዲስ ገቢ ተማሪዎች ስለ ወሲባዊ ፈቃድ ገለጻ እንድናዘጋጅ ተጠይቀናል፤ አንድ ሰዓት ተሰጥቶናል። ምን ብናስተምር ይጠቅማል?

መልስ፦ በመጀመሪያ አንድ ሰዓት ብዙ እንደማይለውጥ እንድታውቁ እፈልጋለሁ። ውጤቱ በጥንቃቄ ከተመዘነ ሥልጠናዎች መካከል ጎልቶ የሚነሳው በሻርሊን ሴን መሪነት በሦስት የካናዳ ዩኒቨርሲቲዎች በ893 የመጀመሪያ ዓመት ሴት ተማሪዎች ላይ ተሞክሮ በ2015 የታተመው ነው። ሥልጠናው በአራት ክፍለ ጊዜ የተከፈለ 12 ሰዓት የሚወስድ ሲሆን፣ በዓመቱ ውስጥ የተደፈሩት ተማሪዎች መጠን ሥልጠናውን ካላገኙት መካከል 9.8 ከመቶ፣ ካገኙት መካከል ግን 5.2 ከመቶ ሆኖ ተገኝቷል። ትልቅ ልዩነት ነው። ቅር የሚለኝ አንድ ነገር ግን አለ፤ እንዲህ ያለው ሥልጠና ሴቶች አደጋን ቀድመው እንዲለዩና እንዲመክቱ ያግዛል እንጂ አደጋውን የሚያመጣውን ሰው አይደርሰውም። ስለዚህ የእናንተን አንድ ሰዓት ለሴቶች ማስጠንቀቂያ አታድርጉት፤ ወንዶቹ አዳራሹ ውስጥ መኖራቸውን አረጋግጡ።

የፈቃድን ትርጓሜ በሰሌዳ ጽፋችሁ አታስጠኑ። ተማሪዎቹ ትርጓሜውን ብትጠይቋቸው አብዛኞቹ አሳምረው ይመልሱላችኋል፤ ያን ትርጓሜ በራሳቸው ምሽት ላይ ሲያውሉት ነው የሚጠፋባቸው። በምትኩ እንደ መጀመሪያው ደብዳቤ ያለ አንድ ሁኔታ አንብባችሁ «ደክሞኛል፣ ሌላ ቀን አይሻልም?» የሚለው ላይ ስትደርሱ አቁሙ፤ ይህች ልጅ ምን አለች ብላችሁ ጠይቁ። ከዚያ ያው ሰው ቀጥሎ ምን ማለት ነበረበት በሉና ቃሉን እነሱ እንዲያወጡት አድርጉ። ጮክ ብሎ የተነገረ አረፍተ ነገር በቸገረ ጊዜ አፍ ላይ ይመጣል። ጊዜ ከተረፋችሁ መምህርና ተማሪን የሚመለከት ሁኔታም ጨምሩ፤ ውጤቷ በእጁ ያለ ሰው ሲጠይቃት እምቢ ለማለት ምን ያህል ነፃ እንደሆነች ይወያዩበት፤ የነፃነትን ጉዳይ ከዚህ አጉልቶ የሚያሳይ ምሳሌ የለም።

በስብሰባው ላይ የቀልድ ሳቅ መነሳቱ አይቀርም። አትቆጡ፣ አብራችሁም አትሳቁ፤ ጥያቄውን መልሳችሁ ጠይቁ። ከተቀመጡት መካከል ጥቃት የደረሰባቸው ሊኖሩ ስለሚችሉ ማንንም የራሱን ታሪክ እንዲናገር አትጋብዙ፤ መውጣት የሚፈልግም ሳይጠየቅ እንዲወጣ በመግቢያው ላይ ንገሩ። የመጨረሻዎቹን ደቂቃዎች እርዳታ የሚገኝበትን ለመናገር ተዉአቸው፤ የምክር አገልግሎቱ የት እንደሆነ፣ የትኛው ጤና ተቋም ሌሊት እንደሚሠራ፣ የ72 ሰዓቱ ነገር፣ ለማን አቤት እንደሚባል፣ የሚደወልበት ስልክ። ቁጥሩን ሰሌዳው ላይ ከመጻፋችሁ በፊት ግን ራሳችሁ በእኩለ ሌሊት ደውሉበት፤ ማንም የማያነሳው ከሆነ ገለጻውን ከማድረጋችሁ አስቀድሞ ለተማሪዎች አገልግሎት ዲኑ በጽሑፍ አሳውቁ፣ መልስም ሳታገኙ አትቅሩ።